የእሜቴ ጋቢ

አንዱ ሽማግሌ ሽቶ ይወዳል፤ ሌላው አዲስ የታጨደ ሣር ሲሸተው ዓይኑን ይጨፍናል። እኔን ዓይኔን የሚያስጨፍነኝ የናፍጣ ጭስ ነው። ሐኪሜ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ለጥፎ ጭስ ያለበት ቦታ አዘወትር እንደሆነ ሲጠይቀኝ ይህን አልነገርኩትም። ለሐኪም ሁሉ ነገር አይነገርም።

ባለፈው ጃንዋሪ አንድ ጠዋት፣ እዚሁ ቶተንሃም፣ ከፍላታችን ሥር ካለው ፓርኪንግ ዮናስ አሮጌ የናፍጣ ቫኑን አስነሳ። ዮናስ ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃ የሚያመላልስ የኛው ልጅ ነው። አንድ ቸርች ነው የምንሄደው፤ እሱ ኪቦርድ ይመታል፣ እኔ አንቀላፋለሁ። የፊት መስታወቱን የሸፈነውን ውርጭ በአውቶቡስ ካርዱ ፍቆ ሊነሳ ሲል መስኮት ከፈትኩና ልጄ አትቸኩል፣ ትንሽ ትሙቅልህ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና የዘንድሮ መኪና ማሞቅ እንደማያስፈልገው ነገረኝ። ይቺ ደግሞ የዘንድሮ ናት እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። ሽማግሌ ማክበሩ ነውና ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ቆመ።

እኔም የልጅ ልጄ ሊያ ለክሪስማስ የገዛችልኝን፣ ሁለት የጥንቸል ጆሮ የበቀለበትን የቤት ጫማ እንደተጫማሁ ወረድኩ። ወደ ቫኑ ኋላ ዞሬ ከጭስ ማውጫው አጠገብ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆምኩ። ትናንት መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ የማላስታውስ ሰውዬ፣ ያንን ሽታ ግን እንደ ዘመድ ድምፅ ለየሁት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ፣ ለትምህርት ተብዬ ደብረ ብርሃን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ ቤት ገባሁ። እናቴ ሸዋ ሮቢት ቀረች። ሸዋ ሮቢት ከተራራው በታች ያለ ሙቀት አገር ነው፤ ሰው ደጅ አንጥፎ ይተኛል። ደብረ ብርሃን ከተራራው በላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውሻ ሲያዛጋ እንኳ ጋያ የሚያጨስ ይመስላል። በመሃል ጣርማ በር አለ፤ ዳገቱ፣ ጭጋጉ፣ ከዚያ ተራራውን በስቶ የሚያልፈው ዋሻ። እኔ ስመጣ ዋሻውን ያለፍኩት ተኝቼ ነው። ስነቃ ብርድ አገር ነበርኩ። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ እናቴ የቀረችው በእንቅልፌ ማዶ ይመስለኝ ነበር፤ በደንብ ከተኛሁ የምደርስባት።

ጋሼ ደምሴ ሾፌር ነበሩ። ወደ ቆላ ገብስ ያወርዳሉ፣ ከቆላ ሽንኩርትና ብርቱካን ያወጣሉ። አንዱን ቀን ወርደው በማግስቱ አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። የጭነት መኪናቸውን እሜቴ ይሏታል። የከተማውን ሹም ሳይቀር አንተ የሚሉ ሰው መኪናቸውን ግን አንቱ ነበር የሚሏት። ጠዋት ጎኗን መታ መታ አድርገው፣ “እሜቴ፣ እንዴት አደሩ?” ይሏታል። እኔ ከኋላቸው ቆሜ መልሷን እጠብቃለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ የለም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

አንድ ኩራት ነበራቸው። እሜቴ በሳቸው እጅ ጣርማ በር ላይ ፈልታ አታውቅም። የሌላው ሰው መኪና ዳገቱ መሃል ቆሞ እንደ ድስት ሲንተከተክ፣ ጋሼ ጡሩምባቸውን ነፍተው ያልፋሉ። ጠጅ ቤት የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ ቤት መጥተውም የሚያወሩት ይህንኑ ነው። እትዬ አስካለ፣ ባለቤታቸው፣ ወሬውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ጋሼ ሲደክማቸው እሳቸው ይጨርሱት ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ የጋሼ ረዳት ታሞ አገሩ ገባ። መኪናዋን የማሞቁ ሥራ በኔ ላይ ወደቀ። ወደቀ እላለሁ እንጂ እውነቱን ከተናገርኩ እየለመንኩ ነው የተቀበልኩት።

ሥራው የሚጀምረው ከመሸ ነው። እሜቴ ከመንገድ ስትገባ ጋሼ ከሆዷ ሥር ያለችውን ቧንቧ ይከፍታሉ፤ የሚያጨስ ውሃ ይወርዳል። የመጀመሪያ ቀን ፊቴን አዞርኩ። እንደዚያ አንቱ የምትባል ወይዘሮ በሰው ፊት ስትሸና ማየት ነውር መስሎኝ ነው። ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ውሃው ራዲያተር ውስጥ ካደረ በረዶ ሆኖ ብረቱን እንደሚሰነጥቀው፣ ስለዚህ ማታ እንደሚፈስ፣ ጠዋት ትኩስ እንደሚሞላ አስረዱኝ። ውሃው ከየት የተቀዳ ነው አልኳቸው። ከሮቢ ወንዝ፣ ከእናትህ ሰፈር አሉኝ።

ይህቺን ባይነግሩኝ ኖሮ ብዙ ነገር በቀረ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ የራሴን ትምህርት አወጣሁ። ውሃው የእማዬ ወንዝ ውሃ ነው። ሙቀቱም የእማዬ አገር ሙቀት ነው። ጋሼ ያንን ሁሉ ተራራ አሻግረው ያመጡትን ሙቀት በየማታው መሬት ላይ ይደፉታል። ሞተር የሚባል ነገር ውሃ እንደሚያሞቅ ለማሰብ የሚሆን ቦታ ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። ዛሬም ሰፊ ነው አልልም።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ቧንቧውን ሲከፍቱ እኔ ጣሳ እደቅናለሁ። በዚያ ውሃ ፊቴን እታጠባለሁ፣ እግሬን እታጠባለሁ። ዝገትና ናፍጣ ይሸታል። ውሃ ሲያይ እንደ ድመት የሚሸሽ ልጅ በገዛ እጁ ሲታጠብ ያዩት እትዬ አስካለ ጎረቤት ጠርተው አሳዩኝ። ጋሼ ቆላ በሚያድሩበት ማታ ግን ሳልታጠብ እተኛለሁ። እትዬ አስካለ ይህ ጨዋነቴ ለምን አንድ ቀን እየዘለለ እንደሚመጣ ሳይገባቸው ኖሩ።

ጠዋቱ ደግሞ ሌላ ነበር። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ስረግጠው ይሰባበራል። የባሕር ዛፍ ፍም በተቀደደ በርሜል ክዳን ላይ ዘርግቼ፣ ኩበት ጨምሬበት፣ በእሜቴ ሆድ ሥር እገፋዋለሁ። ዘይቷ እንደ ረጋ ቅቤ ስለሚሆን እስኪላላ ይጠበቃል። ከዚያ የፈላውን ውሃ በጣሳ እያመላለስኩ እሞላለሁ። ባትሪዋ ደካማ ስለሆነ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ነው የምትቆመው። ጋሼ ጋቢና ይገባሉ፣ እኔ ከጎማው ሥር ድንጋዩን አነሳለሁ፣ እሜቴ ቀስ ብላ ትንሸራተታለች። ጋሼ ማርሽ ሲያስገቡ አንድ ጊዜ ትንፈራገጥና ታስላለች፤ ሰፈሩ በሙሉ በሰማያዊ ጭስ ይሸፈናል። ከጭሱ ውስጥ ድምፅዋ ይመጣል፤ ዱ ዱ ዱ ዱ። ዛሬም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በልቤ የምለው እሱን ነው።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ፊቷ ላይ ጆንያ ይጋረዳል፤ ብርድ ወደ ራዲያተሩ እንዳይገባ። ከዚያ መዳፍ ነው። ጋቢናው ውስጥ ሞተሩን የሚሸፍን ቆርቆሮ አለ፤ እሱ ላይ መዳፍ ይደረግና አሥር ትንፋሽ ይቆጠራል። የሙቀት መለኪያ ነበራት፤ መርፌው ግን የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። ትንሽ ያተኮሰው ሕፃን ግንባር ሲመስልህ ያኔ ሞቀዋል አሉኝ ጋሼ። እኔ የሕፃን ግንባር ነክቼ ስለማላውቅ የራሴን እየነካሁ አመሳክራለሁ። አንድ ቀን ጣቶቼ ደንዝዘው ቶሎ ለመጨረስ ትንፋሼን አፋጠንኩት። ጋሼ በመስኮት ሲያዩኝ ቆይተው ኖሯል።

“የሚለከልከው ማነው?” አሉ። “እሜቴ ናቸው ወይስ አንተ?”

ታኅሣሥ ሲገባ፣ እግራቸውን ሲታጠቡ ጠብቄ፣ ለገና እናቴ ጋ ይወስዱኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው የሚያሞቅ ሰው ነው አሉ። ከፍሙ እስከ መዳፉ፣ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ እስከ ዋዜማው ያለአንድ ስህተት ከሠራሁ ገናን እማዬ ጋ እውላለሁ። አንዲት ስህተት ከተገኘች ግን ከእትዬ አስካለ ጋር ነኝ። እትዬ አስካለን እወዳቸው ነበር፤ ግን ወሩን ሙሉ ፍም ውስጥ ዓይኔን ተክዬ ነው የከረምኩት። ቅንድቤ ተለብልቦ ግማሹ ሄደ። በሕልሜም መዳፌን አንሶላው ላይ ዘርግቼ እቆጥር ነበር፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፤ አሥር ላይ ሳልደርስ ዋሻው ይጀምራል።

ከዋዜማው በፊት ጋሼ ከቆላ ሲመለሱ እማዬ የላከችልኝን አመጡልኝ፤ ስድስት ብርቱካንና ጋቢ። ጋቢውን የፈተለችው ራሷ ናት። ብርቱካኖቹን ያንኑ ማታ ጨረስኩ፤ አንዱን ከነልጣጩ።

የዋዜማው ጠዋት እንደዚያ ዓይነት ውርጭ አይቼ አላውቅም። ባልዲው ውስጥ የቀረው ውሃ ጠጥሮ እንደ ድንጋይ ነው። ፍሙን አነጠፍኩ፣ ውሃውን ሞላሁ፣ ድንጋዩን አነሳሁ፣ ጆንያውን ጋረድኩ፣ መዳፌን አስቀመጥኩ። ጋሼ መጥተው ከኔ መዳፍ ጎን የሳቸውን አሳረፉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሄጃለሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ። ጋሼ መኪናዋን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት ጆንያውን ሁልጊዜ በገዛ እጃቸው ያነሱታል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ የማውቅ መስሎኛልና። እትዬ አስካለ ቤት ውስጥ የሚደርቡትን ያለቀለት ሹራብ ደጅ ሲወጡ ያወልቁታል፤ ሰው እንዳያያቸው። እሜቴም በከተማው መሃል በጆንያ ማለፍ አፍራ ነው የመሰለኝ። ለሰው ዓይን ሲባል እንጂ ብርዱ እንደሆነ አይቀርላት። ጣርማ በር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል ሲባል እሰማለሁ። እናም ጋሼ ቁርሳቸውን ሊጨርሱ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ኮፈኗን ከፍ አድርጌ፣ የእማዬን ጋቢ አራት አጥፌ ከፍርግርጓና ከራዲያተሩ መሃል አወረድኩት። ነጭ ስለሆነ ከውጭ ለሚያየው ውርጭ ነው። ገመናዋን የሚሸፍንላት ሰው በማግኘቷ ደስ ያላት መሰለኝ።

ጋሼ ጆንያውን አነሱ። ተነሳን።

ጋቢና ውስጥ ሦስት ነበርን፤ ጋሼ፣ እኔ መሃል ላይ፣ ከኔ ቀጥሎ ወይዘሮ ዘነቡ። ወይዘሮ ዘነቡ ደብረ ሲና ላለው ወንድማቸው የገና ጠላ በእንስራ ይዘው የሚወርዱ፣ አንደበታቸው የተሳለ ጎረቤታችን ናቸው። እንስራው እንደ ሕፃን በጭድ ተደግፎ እግራቸው መሃል ተቀምጧል። ከኋላ ገብሱ ላይ ሌሎች አራት ሰዎች ነበሩ።

ዳገቱን ግማሽ እንደሄድን ጋቢናው ሞቀ። እግሬ ሞቀኝ፣ ጉልበቴ ሞቀኝ። ሥራዬን ቆሜ የማየት ያህል ኮራሁ። ቀጥሎ ልብስ ስትተኩስ የምታሳርር ሴት ቤት የሚሸት ዓይነት ሽታ መጣ። ቀጥሎ መስታወቱ ፊት ነጭ እንፋሎት ተነሳ።

“ጋሼ፣ እሜቴ ሞቃቸው!” አልኩ በደስታ።

ጋሼ መኪናዋን ጥግ አስይዘው አቆሙና ወረዱ። እሜቴ ጣርማ በር ላይ ፈላች።

ኮፈኑን ሲከፍቱ በመስታወቱ አየኋቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ውስጥ ሰደዱና ጋቢውን አወጡት። ቡናማ ሆኗል፤ የራዲያተሩ መስመር እንደ ጎድን አጥንት ታትሞበታል። በእንፋሎቱ ውስጥ ቀና ብለው አዩኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳዩኝ አላውቅም፤ አሥር ትንፋሽ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጠቅልለው ከወንበሩ ሥር ወተፉት። ከኋላ የነበሩት ሰዎች ወርደው ምን ሆነ፣ ምን ሆነ እያሉ ከበቧቸው።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ ጋሼ። “ፊቷ ላይ ጨርቅ ትቼ ነው።”

ወይዘሮ ዘነቡ እንዲህ ያለ ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ። “ዕድሜ ልክዎን አልፈላችም፣ አልፈላችም ሲሉን የኖሩት” አሏቸው፣ “ለዛሬ ሊያፈሉን ኖሯል?”

ሰዉ ሳቀ። ጋሼም ከሳቂዎቹ ጋር ሊስቁ ሞከሩና አልሆነላቸውም። እኔ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ሁለት ነገር አሰብኩ። እሜቴን ገድያታለሁ። ጋሼ ደግሞ ማን እንዳደረገው አላወቁም። ሁለተኛው እንዴት እንዳጽናናኝ ስናገር ዛሬም ያሳፍረኛል።

ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቢፈስ ብረቱ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ገናን የምንውለው እዚያው ጭጋጉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተጠበቀ። ጋሼ መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ እያደረጉ ያነሳሉ፤ ማሞቂያው መዳፍ አሁን ማብረጃ ሆነ። በጎኗ የታሰረው የመጠባበቂያ ውሃ ከነጀሪካኑ ጠጥሯል። ምንጭ ያለው ከዋሻው ማዶ፣ ከታች ነው። ጭጋጉ እየመጣ ሰውን ይደብቅና ይመልሰዋል። ሁሉም ወደ እንስራው ማየት ጀመረ።

ወይዘሮ ዘነቡ እንስራቸውን በቀሚሳቸው ሸፈኑ። የወንድማቸው የገና ጠላ ነው፣ አይታሰብም። ጋሼ አልለመኗቸውም። ቆይተው ወይዘሮ ዘነቡ ራሳቸው ወደኔ ዞሩና ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። እናቴ ጋ ብዬ መለስኩ። እስከዚያች ሰዓት ያላለቀስኩት ልጅ እዚያ ላይ ድምፄ ተበላሸ። ግማሽ የሌለውን ቅንድቤን ትክ ብለው አዩት።

“ለእሜቴ ይሁን” አሉ ለጋሼ እንስራውን እየገፉላቸው። “ለሾፌሩ ግን ጠብታ የለውም።”

እንደዚያ ሆኖ እሜቴ ጠላ ጠጣች። ሞተሩ ሲነሳ ጋቢናው ጌሾ ጌሾ ሸተተ፤ ሙሉ ድግስ ታፍኖበት እንደነበረ ቤት። ዋሻው ሲመጣ እንዳልተኛ ዓይኔን በጣቶቼ ከፍቼ ያዝኩት። ጨለማው ውስጥ ውሃ ከላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ የእሜቴ ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ሌላ መኪና ከፊታችን የሚሄድ ያስመስላል። በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ዓለም በሙሉ ከሥራችን ተዘርግቶ ቢጫ ሆኖ ነበር። እሜቴ በየኩርባው ስትወዛወዝ ሰክራ ነው ብዬ አሰብኩ። ወደ ታች ስንወርድ ሰዉ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ኮቱን እያወለቀ ሄደ። እማዬ በእንቅልፌ ማዶ አልነበረችም፤ በንቃቴ ማዶ ነበረች።

ደጃፏ ላይ ቆማለች። መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈችና “ምነው፣ አተኮሰህ እንዴ?” አለች። እኔ ቆጠርኩ። አሥር ሞላ፤ እሷ መዳፏን አላነሳችም።

ጋቢውስ ስትል ጋሼ ቀደሙኝ። ለመኪናዋ ወስጄው በኔ እጅ ተቃጠለ አሏት። እኔ ዝም አልኩ። ገናን ሙሉ ዝም እንዳልኩ በላሁ፤ ብዙም በላሁ።

ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ዳገቱን ወጥቷል። በየመንደሩ ልጆች ጋሼ ጠላ እያሉ ይሮጡ ነበር። ይህ ስም እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ጣርማ በር ላይ፣ ያቺው ቦታ ስንደርስ፣ ጋሼ ሳያስፈልግ መኪናዋን አቆሙና ሞተሩ ላይ መዳፋቸውን አደረጉ። እኔ አልቻልኩም።

“ጋሼ፣ ጋቢውን የከተትኩት እኔ ነኝ።”

“ታዲያ ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው ብያለሁ?”

ለምን ጥፋቱን በራሳቸው እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው።

“ጆንያውን ለምን እንደማነሳው ነግሬህ አውቃለሁ?”

“የለም።”

“ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?”

ከዚያ ነገሩኝ። ስትቆም ትሸፈናለች፣ ስትሄድ ትተነፍሳለች፤ ነፋስ ካልገባላት የራሷ ሙቀት ይገድላታል። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ማርሽ አስገቡና ሄድን።

ቶተንሃም ላይ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተ። አንዲት ሴትዮ አንገቷን አውጥታ ይህን ሁሉ ጊዜ ሞተር አስነስቶ ጭሱን ቤቷ የሚያስገባው ማነው ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸች። ዮናስ ኮሌታው ውስጥ ተደበቀ። እኔ ከጭሱ ውስጥ ከነጥንቸሌ ብቅ ብዬ እጄን አነሳሁ፤ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። ጫማዬን ስታይ ንዴቷ አለቀባትና መስኮቷን ዘጋች።

ሊያ ኮቴን ይዛ እየሮጠች ወረደች። “አባባ፣ ቆሞ ሞተር ማስነሳት አላውድ አይደለም፣ ክልክል ነው እኮ” አለችኝ። “ለምን በዮናስ ፋንታ ሶሪ ትላለህ?”

“ትንሽ ትሙቅ ያልኩት እኔ ነኛ።”

ዮናስ ቫኑ ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ እየሳቀ በመስኮት ወጣ አለ። “ጋሼ ታደለ፣ ታዲያ ሞቃለች? ልሂድ?”

ኮፈኑ ላይ መዳፌን አድርጌ አሥር ቆጠርኩ፤ ሳላጭበረብር። ከዚያ ወደ ፊት ለፊት ዞርኩና ጎንበስ ብዬ ፍርግርጉን ከዳር እስከ ዳር በጣቴ ዳሰስኩት። ምንም አልነበረበትም።

“ሂድ” አልኩት።